ያረጀ የአሜሪካ ሽጉጥ ሲያስቸግር፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

መጀመሪያ የገዛኋት አሮጌ ሽጉጥ ከላይ ተከፍታ ለሁለት የምትታጠፍ ትንሽዬ 38 ነበረች (ቁጥሩ የጥይቷ መጠን ስም ነው)። ሻጩ «ሞላዋ ሞቷል፣ ለጌጥ ካልሆነ አትሆንም» ብሎ በርካሽ ሰጠኝ። ማታ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፌ ፈታኋት። ሞላዋ ምንም አልሆነም። ችግሩ ግራሶው ነበር። ስንት ዓመት እንደተቀመጠ እንጃ፣ እንደ ሙጫ ደርቆ በጥፍር ሲነኩት ይፈረፈራል። በጥርስ ብሩሽና በነጭ ጋዝ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ጣል አደረግኩበት። መዶሻዋ ቀጭ ብሎ ሲወርድ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ ወዲህ የአሜሪካዎቹ ፋብሪካዎች የኮልትና የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ብዙ አሮጌ ሽጉጦች በእጄ አልፈዋል። ብረቱ በእርጅና ብቻ የሞተበት ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የደረቀ ግራሶ፣ የተሳሳተ ጥይት ወይም የቀድሞ ባለቤት ሞረድ ነው። ስለዚህ ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት መንስኤውን ፈልጉ።

ከዚህ በታች ያለው ሙከራ ሁሉ በባዶ ሽጉጥ ነው። እያንዳንዱን የጥይት ቀዳዳ በዓይን እዩ፣ በጣትም ዳብሱ። ጥይቱን ሌላ ክፍል አስቀምጡት።

መዶሻው ይወርዳል፣ ጥይቱ አይተኩስም

ተኩስ ሜዳ ላይ ከሆናችሁ መጀመሪያ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንደያዛችሁ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቁ። ዘግይቶ የሚተኩስ ጥይት አለ። ከዚያ አውጡትና ቂጡን እዩ። መርፌው መሀል ላይ በደንብ መትቶ ካልተኮሰ ጥይቱ ራሱ የሞተ ነው። የመርፌው ምልክት ቀላል ጭረት ብቻ ከሆነ ግን ጉልበት ያጣው ሽጉጡ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ግራሶ ነው፣ እጠቡት። ሁለተኛው ዋናው ሞላ ነው። ብዙ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨሮች (የጥይት ቀዳዳዎቹ ያሉበት ሲሊንደር የሚዞርላቸው ሽጉጦች) እጀታቸው ላይ፣ ከፊት በኩል ወደ ታች፣ አንዲት ትንሽ ብሎን አለች። ሞላውን የምትወጥረው እሷ ናት። ምላጩ እንዲቀልለት ብሎ አንዱ አላልቷት ይሆናል። እስከ መጨረሻው አጥብቋት፤ ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ጫፏን ሞርዶ አሳጥሯት ከሆነ አዲስ ብሎን ግዙ። ሦስተኛው የመርፌው ጫፍ መበላሸት ነው። ይህን ለባለሙያ ስጡ፤ በቤት ሞረድ የተሾለ መርፌ የቀለሁን ቂጥ ይበሳል።

ካቻቢቴያችሁ ከብሎኑ ስንጥቅ ጋር ልክ ይግጠም። የድሮ ብሎኖች ብረታቸው ለስላሳ ነው። አንድ ጊዜ ያመለጠ ካቻቢቴ የሚተወው ጭረት የሽጉጡን ዋጋ ይጎዳል። ብሎኑ እምቢ ካለ ሰርሳሪ ዘይት ነክታችሁ እስከ ነገ ተዉት።

ቀለሁ ሆዱ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ጥይቱም ዒላማውን በጎኑ ይመታል

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው።

38 የሚባለው አንድ ጥይት አይደለም። 38 ኤስ ኤንድ ደብሊው (የስሚዝ ኤንድ ዌሰን አጭር ስም) በ1876 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ አጭርና ወፈር ያለ ጥይት ነው፤ ቀለሁ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ1899 ከወጣው ሚሊታሪ ኤንድ ፖሊስ ሪቮልቨር ጋር የሚታወቀው 38 ስፔሻል ደግሞ 29 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ፣ ቀጠን ያለ ነው። የእርሳሱም ውፍረት ይለያያል፦ የመጀመሪያው 9.17፣ ሁለተኛው 9.07 ሚሊ ሜትር ገደማ። ልዩነቱ ከፀጉር አይበልጥም። ግን ቀጭኑ እርሳስ በሰፊው አፈሙዝ ሲያልፍ እርሳሱን የሚያሽከረክረው የአፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ ቦይ በደንብ አይዘውም፣ እየተገለባበጠ ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ከክብ ቀዳዳ ይልቅ የጥይት ቅርፅ ያለው ሞላላ ቀዳዳ የምታዩት ለዚህ ነው።

ይህ ምልክት በብዛት የሚታየው ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ በሠራቸው ቪክቶሪ ሪቮልቨሮች ላይ ነው። ቁጥራቸው በቪ ፊደል ይጀምራል፣ ቀለማቸው ደብዛዛ ግራጫ ነው፣ እጀታቸው ሥር የገመድ ቀለበት አለ። ለ38 ኤስ ኤንድ ደብሊው የተሠሩ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ነጋዴዎች የጥይት ቀዳዳውን ሰርስረው አርዝመው ለ38 ስፔሻል እንዲሆን አደረጉት። ርዝመቱ ገጠመ፣ የኋላው ስፋት ግን እንደነበረ ቀረ። ቀጭኑ ቀለህ እዚያ ሰፊ ቦታ ውስጥ ሲተኩስ ሆዱ ይነፋል፣ አንዳንዱም ይሰነጠቃል። የተቆረጠን ብረት መልሶ መሙላት አይቻልም። የእኔ ምክር ሽጉጡን ለስብስብ ማቆየት ነው። ከሸጣችሁትም መቀየሩን ለገዢው ንገሩት።

32ም ያው ነው። 32 ኤሲፒ የሚባለው የአውቶማቲክ ሽጉጥ ጥይት በአንዳንድ የ32 ሪቮልቨር ቀዳዳ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል። ግፊቱ ግን የድሮዋ ሪቮልቨር ከተሠራችበት ይበልጣል። አፈሙዙ ላይ የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። ካልተነበበ ባለሙያ ቀዳዳውን ይለካላችሁ።

ሌላው ባሩዱ ነው፤ ጭስ አልባው ከድሮው ጥቁር ባሩድ የበለጠ ግፊት አለው። ኮልት በ1873 የወጣውን ሲንግል አክሽን አርሚ ለጭስ አልባ ባሩድ ዋስትና የሰጠው በ1900 ነው። ከዚያ በፊት የተሠራውን በጥቁር ባሩድ ተኩሱ፣ አለዚያ አትተኩሱት። አይቨር ጆንሰንም በፊችበርግ፣ ማሳቹሴትስ ይሠራቸው የነበሩትን ታጣፊ ሪቮልቨሮች ለጭስ አልባ ባሩድ ያጠነከረው ከ1909 ጀምሮ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ማኪንሊ በ1901 ቡፋሎ ውስጥ የተመቱት በዚሁ ፋብሪካ 32 ነበር፣ ከለውጡ በፊት በተሠራ ማለት ነው። ሰብሳቢዎች እጀታው ላይ ያለችውን የፋብሪካውን ምልክት፣ የጉጉት ምስል፣ አይተው ዘመኑን ይገምታሉ። እኔ እጀታን አላምንም፣ በአንድ ብሎን የሚቀየር ነገር ነውና። እጀታውን አውልቁና ዋናውን ሞላ እዩ። ጠፍጣፋ ምላስ ከሆነ የጥቁር ባሩድ ዘመን ነው። እንደ እስክሪብቶ ሞላ የተጠመጠመ ከሆነ አዲሱ ነው።

የተኩሱ ድምፅ ደከመ

እዚያው አቁሙ። ሌላ ጥይት እንዳትተኩሱ። እርሳሱ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ሽጉጡን ባዶ አድርጉ፣ መወልወያውን አስገብታችሁ ተሻግሮ መውጣቱን አረጋግጡ። ስትገዙም አፈሙዙን በብርሃን እዩት። ውስጡ ላይ እንደ ቀለበት የከበበ ጥላ ካለ፣ አንድ ሰው በተዘጋ አፈሙዝ ተኩሶበታል።

ከጎን የእርሳስ ፍንጣሪ ይረጫል

አንድ ቀን ከጎኔ የቆመ ጓደኛዬ «ጉንጬ ላይ አሸዋ ተበተነብኝ» አለኝ። አሸዋ አልነበረም። ሲሊንደሬ ከአፈሙዙ ጋር በትክክል ስላልተገናኘ እርሳሱ በጠርዙ እየተላጨ ነበር።

ሙከራው ቀላል ነው። ሲሊንደሩን በአንድ ጣት በስሱ ያዝ አድርጋችሁ መዶሻውን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ሳቡ። መዶሻው ተወጥሮ ከመቆሙ በፊት ሲሊንደሩ «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። በሁሉም ቀዳዳ ላይ ድገሙት፤ አምስቱ ደህና ሆነው ስድስተኛው ሊያጠፋ ይችላል። መዶሻው ቆሞ ሲሊንደሩ ካልተቆለፈ፣ ሲሊንደሩን የምትገፋው ትንሽ ብረት አልቃለች፣ ወይም ከሲሊንደሩ በስተጀርባ ያለው ጥርስ ተበልቷል። የድሮ ኮልት ላይ ምላጩ እንደተሳበ ሲሊንደሩ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ስሚዝ ላይ ግን ትንሽ መላወስ ጤነኛ ነው። ይህን ባለማወቅ ደህና ስሚዝ ሲሸጥ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ጥርሱን እጠቡ፣ የተጋገረ ቆሻሻም ይህን ያመጣል። ካልተስተካከለ ወደ ባለሙያ ውሰዱት፤ ገፊዋን ብረት ይቀይራል። ብረቷን በመዶሻ ደብድቦ ማስረዘም የድሮ ዘዴ ነው፣ ብዙ አይቆይም። እስከዚያው አትተኩሱበት። ደግሞ እባካችሁ፣ ሲሊንደሩን እንደ ፊልም በአንድ እጅ ወርውራችሁ አትዝጉ። ሲሊንደሩን የያዘው የብረት ክንድ የሚጣመመው በዚህ ነው።

ቀለሁ አልወጣም፣ ወይም ሲሊንደሩ አልከፈትም አለ

ታጣፊዎቹ ላይ የታወቀው ጣጣ ቀለሁ ከአውጪው ኮከብ (ቀለሁን ገፍቶ ከሚያወጣው ኮከብ መሰል ብረት) ሥር ሾልኮ መግባቱ ነው። አፈሙዙን ወደ ሰማይ አድርጋችሁ በኃይል ክፈቱ፣ ቀለሁ በክብደቱ ይወድቃል። የ1917 ኮልትና ስሚዝ ላይ ከሆነ ግን ጥፋቱ የሽጉጡ አይደለም። የአውቶማቲክ 45 ጥይት ዙሪያው ከንፈር ስለሌለው ኮከቡ የሚይዘው ነገር የለውም። ሦስት ሦስት ጥይት የሚይዘውን የግማሽ ጨረቃ ክሊፕ፣ ወይም ከንፈር ያለውን 45 አውቶ ሪም ተጠቀሙ።

አሮጌ ስሚዝ አልከፈትም ካለ፣ የአውጪው ዘንግ ተፈቶ ወደ ፊት ረዝሞ ይሆናል። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ በፊት ክሩ ሲሊንደሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ስለሚላላ በተኩስ ብዛት ይፈታል። ከከፈታችሁት በኋላ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ባዶ ቀለሆች አስገቡ፣ ኮከቡ እንዳይጣመም ይደግፉታል። ከዚያ በእጅ ብቻ አጥብቁት። በባዶ ፒንሳ አትንኩት።

የኪስ ኮልቱ ቀለህ ይነክሳል

የ1903ቱ የኪስ ኮልት፣ ጆን ብራውኒንግ የነደፈው፣ «መዶሻ የለሽ» ይባላል እንጂ መዶሻው ውስጥ ተደብቋል። ቀለሁ በመውጫው ላይ ቆሞ ከቀረ የደከመውን የመመለሻ ሞላ ቀይሩ፣ ዋጋው ትንሽ ነው። ካዝናውንም በሌላ ሞክሩ። የመጀመሪያዎቹ ካዝናው ከወጣም በኋላ ውስጥ የቀረውን ጥይት ይተኩሳሉ። ስለዚህ ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ ስላይዱን (ከላይ የሚንሸራተተውን ብረት) ሳቡ፣ ውስጡን እዩ።

ዝገትና የተላጠ ኒኬል

ቀይ ዝገትን በዘይትና በናስ ፈቅፍቁ፣ ከዚያ አቁሙ። አሞኒያ ያለበት ማጽጃ ኒኬል ላይ አይድረስ። ከሥሩ መዳብ ካለ በጭረቱ ገብቶ ይበላውና ልባሱ ይላጣል። ጥቁር ባሩድ ከተኮሳችሁ በዚያው ቀን በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ ጥላሸቱ እርጥበት ይስባል። ቡናማ የሆነን የድሮ ቀለም ደግሞ አስፈግፍጋችሁ እንደገና አታስቀቡ። ገዢ የሚከፍለው ለዚያው ቡናማ ነው።

ማጠፊያው ላይ ስንጥቅ ታየ

የሬሚንግተን ባለ ሁለት አፈሙዝ ዴሪንጀር (ትንሽ የኪስ ሽጉጥ) ከ1866 እስከ 1935 ተሠርቷል። ድክመቱ አፈሙዙ የሚታጠፍባት ቀጭን ጆሮ ናት። አጉሊ መነጽር ይዛችሁ ጆሮዋን ከሁለቱም በኩል እዩ። ፀጉር የምታህል መስመር ካለች አትበየድም፣ አትተኮስም። እኔ ያለችኝ እንዲህ ናት። መስታወት ሥር፣ ስንጥቁ በሚታይበት ጎኗ አስቀምጫታለሁ።