የንክሻ ሕክምና ስልጠና ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ለሐኪሞች የሚሰጠው የእባብና የውሻ ንክሻ ሕክምና ስልጠና ብዙ ጊዜ በእባብ ፎቶ ይጀመራል። ሰልጣኙም ስልኩን አውጥቶ ያነሳል። ታማሚው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይዞ የሚመጣው እባቡን ሳይሆን ያበጠ እግሩን ነው። (ገድለው የሚያመጡም አይጠፉም። የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ሊነድፍ ስለሚችል በእጅ አይነካ።) ስለዚህ ከምልክቱ ይጀመር። ደሙ ይረጋል ወይ? የዓይኑ ቆብ ወርዷል ወይ? እብጠቱ እስከ የት ደርሷል?

ሁለተኛው ስህተት የ20 ደቂቃውን የደም መርጋት ምርመራ በወሬ ማለፍ ነው። «ቀላል ነው» ይባላል። ቀላልስ ቀላል ነው፤ 2 ሚሊ ሊትር ደም ከደም ሥር ቀድቶ ንጹሕና ደረቅ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ማድረግ፣ 20 ደቂቃ ሳይነኩ ማቆየት፣ ከዚያ አንዴ ማዘንበል። ከፈሰሰ አልረጋም። ግን አንዱ ያገኘውን የፕላስቲክ ቱቦ ያነሳል፤ የጤነኛ ሰው ደምም እዚያ ውስጥ ላይረጋ ይችላል። በሳሙና የታጠበ ቱቦም እንዲሁ ያሳስታል። ሌላው ትዕግሥት ያጣና በ5ኛው ደቂቃ ነቅነቅ ያደርገዋል። መፍትሔው ሰልጣኞቹ እርስ በርስ ደም ተቀዳድተው ሁለቱን ቱቦ ጎን ለጎን ማየታቸው ነው። አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ፀረ መርዙ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ 6 ሰዓታት ሳያልፉ ምርመራው አይደገም፤ ጉበት ደም የሚያረጉትን ንጥረ ነገሮች ለመተካት ጊዜ ይፈልጋል።

ለሕፃን የፀረ መርዙን መጠን መቀነስም በጣም የተለመደ ነው። የልጆች መድኃኒት ሁሉ በኪሎ ስለሚሰላ እጅ ሳያስበው ይቀንሳል። እባቡ ግን ልጅ ነው ብሎ መርዙን አልቀነሰም፤ መጠኑ ከአዋቂው እኩል ነው። በኪሎ የሚሰላው አድሬናሊኑ፣ ፀረ መርዙ ከባድ አለርጂ ካስነሳ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። እሱም ፀረ መርዙ ከመጀመሩ በፊት በመርፌ ተቀድቶ ይጠብቅ።

ታማሚው እግሩን ጥፍንግ አድርጎ አስሮ ከመጣ በር ላይ ማሰሪያውን መፍታት አደጋ አለው፤ መርዙ በአንዴ ሊሰራጭ ይችላል። መጀመሪያ በደም ሥር መድኃኒት መስጫ መስመር ይከፈት፣ ፀረ መርዙ ይዘጋጅ።

ውሻ የነከሰው ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ወደ እብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ይሮጣል፣ ቁስሉ ይረሳል። በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። ሰዓት ይዛችሁ አሠሯቸው፣ 15 ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም ይገባቸዋል። ክትባቱ መቀመጫ ላይ አይወጋም፤ ክንድ ላይ፣ ለትንንሽ ልጆች ጭን ላይ ነው። ኢሚውኖግሎቡሊን (ቫይረሱን የሚከላከል የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል) ካስፈለገ የሚችለውን ያህል ቁስሉ ውስጥና ዙሪያው ይሰጥ። እሱ ሳይሰጥ ቁስሉን ለመስፋት አይቸኮል። ከተነከሰ ሳምንታት ያለፉትንም «ጊዜው አልፏል» ብሎ መመለስ ጥፋት ነው፤ የበሽታው ምልክት እስካልታየ ድረስ ክትባቱ ይጀመርለታል።

ማጠቃለያውን በምርጫ ጥያቄ መፈተንም ይቅር። አንዱ ታማሚ ሆኖ ይተኛ፣ ሌላው ያክመው፤ አስተማሪው ዳር ቆሞ ይይ።