መሃሉ የሰመጠ ትሪ፦ ለድግስ በሚጋገር የቸኮሌት ኬክ ላይ የሚፈጸሙ ስህተቶች

ለምርቃት፣ ለክርስትናና ለልደት በትልቅ ትሪ የቸኮሌት ኬክ መጋገር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። እኔ ዘንድ ለመማር ከሚመጡ ወጣቶችም ሆነ ድግሱ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ከሚደውሉልኝ እናቶች የምሰማው ጭንቀት አንድ ነው፦ «መሃሉ ሰመጠብኝ»።

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቤኪንግ ፓውደር መብዛት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ በስልካችን የምናገኛቸው የኬክ አሠራሮች ግን በአብዛኛው የተሞከሩት ከዚህ እጅግ ዝቅ ባለ ቦታ ነው። የአየር ግፊቱ አነስተኛ በሆነበት ስፍራ ከፓውደሩ የሚወጣው ጋዝ ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ ሊጡ ዱቄቱና እንቁላሉ ሳይጸኑለት ይነፋና የሚሸከመው ሲያጣ ይወድቃል። አንዲት ተማሪዬ ይዛልኝ የመጣችው ትሪ ዳር ዳሩ ደርቆ ተሰነጣጥቆ፣ መሃሉ እንደ ሳህን ጎድጉዶ ነበር፤ ማንኪያ ስሰድበት ከሥሩ ጥሬ ሊጥ ወጣ። እርሷ ፓውደሩ ያነሰ መስሏት በማግስቱ ጨመረችበት፤ ከፊተኛው የባሰ ሰመጠ። እባካችሁ፣ ኬክ ሲሰምጥ ቤኪንግ ፓውደር ቀንሱ እንጂ አትጨምሩ! አሠራሩ 4 የሻይ ማንኪያ የሚል ከሆነ በ3 ጀምሩ፤ ከእያንዳንዱ ኩባያ ስኳር 2 የሾርባ ማንኪያ ያህል አንሡ፤ በእያንዳንዱ ኩባያ ፈሳሽ ላይ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨምሩ፤ 175 ዲግሪ የተባለውን ሙቀት ወደ 185 ከፍ አድርጉት። ይህ ልክ ለአዲስ አበባ ነው፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ማስተካከያው በጣም ያንሳል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ይብሳል።

ቴርሞሜትር የገዙ ጠንቃቆችም የኬኩ ውስጥ 98 ዲግሪ እስኪደርስ ሲጠብቁ ያደርቁታል። እዚህ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ኬክ 98 ዲግሪ የሚደርሰው እርጥበቱ ካለቀ በኋላ ነው። መሃሉን በስቴኪኒ ወጋ አድርጋችሁ ጥቂት ፍርፋሪ ብቻ ይዞ ከወጣ አውጡት።

ሌላው ስህተት ለ10 ሰው የሚሆነውን ሊጥ በ5 አባዝቶ በአንድ ጥልቅ ትሪ ማፍሰስ ነው፤ ዳሩ ሲያርር መሃሉ አይበስልም። 33 በ46 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትሪ እስከ ግማሹ ብቻ ሞልታችሁ ብትጋግሩና 5 በ5 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ብትቆርጡት 54 ቁራሽ ይወጣዋል፤ ለ100 እንግዳ ሁለት ትሪ ይበቃል።

የተነጠረ የወጥ ቅቤ አታስገቡ፤ የኮረሪማው ሽታ ቸኮሌቱን ያጠፋዋል።

ጾመኛ እንግዳ ካለ የእርሱን ትሪ ለብቻው በዘይት፣ በውሃ፣ በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ ጋግሩለት። ሶዳው የሚነሣው ከኮምጣጤው ጋር ሲገናኝ ስለሆነ ኮምጣጤውን አታስቀሩ፤ ለክሬሙ የምትገዙት ማርጋሪን ወተት የሌለበት መሆኑንም ከማሸጊያው ላይ አንብቡ።

ክሬሙን በተመለከተ እኔም ያጠፋሁት አለ። የእህቴ ልጅ የተመረቀ ዕለት መብራት ሲጠፋ ሲመጣ አርፍጄ ጋገርሁና፣ እንግዶቹ ደጅ ሲደርሱ ገና ትኩስ በሆነው ኬክ ላይ በቅቤና በዱቄት ስኳር የተመታ ክሬም ቀባሁ። ክሬሙ ዓይኔ እያየ ቀለጠ፤ ወደ ትሪው አንድ ጥግ ተንሸራትቶ ተጠራቀመ፣ የቀረው ኬኩ ውስጥ ሰርጎ ቅባት አደረገው። የልጁን ፊት ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። የተመታ የቅቤ ክሬም ፈጽሞ የበረደ ኬክ ይፈልጋል፤ በትልቅ ትሪ ደግሞ ይህ ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ቅቤ፣ ኮኮዋና ወተት አብሮ ፈልቶ ዱቄት ስኳር የሚገባበት ክሬም ግን በተቃራኒው ሳይበርድ በሞቀ ኬክ ላይ ይፈስሳል፤ ከበረደ ይረጋና ሲቀባ የኬኩን ገጽ ይዞ ይነሣል። ብዙ ጀማሪዎች ሁለቱን ያምታታሉ፤ ስለዚህ የትኛውን እንደምትሠሩ ሊጡን ሳታቦኩ ወስኑ። የተመታውን ከመረጣችሁ ኬኩን ከዋዜማው ማታ ጋግራችሁ፣ ሲበርድ ሸፍናችሁ አሳድሩትና ጠዋት ቀቡት።