የሠራሁትን ሳላፍር መናገር እንዴት ለመድሁ

ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ የሆቴሉ ትንሿ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስበናል። በመስኮቱ ጣና ይታያል፤ አንድ ታንኳ ደንገል ጭኖ ቀስ እያለ ያልፋል። ማኔጀራችን የወሩን ሂሳብ አነበቡና «የዓሣ ወጪያችን ወርዷል፤ ሼፋችንን እናመሰግናለን» አሉ። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብሁ። ወጪውን ያወረድሁት እኔ ነበርሁ።

ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ኮስት ኮንትሮል ነኝ። ከስቶር የወጣው ዕቃ ከኪችን ከወጣው ምግብ ጋር ይገጥም እንደሆነ የማይ ሰው ማለት ነው፤ ወዳጅ የሚያበዛ ሥራ አይደለም። በዚያ ዐቢይ ጾም 23 ቀን ሙሉ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል እየገባሁ ዓሣው ከባጃጅ ሲወርድ አንዴ፣ ፊሌቶው (አጥንት የሌለው ሥጋው) ሲወጣ ደግሞ አንዴ መዘንሁ። 40 ኪሎ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ ገብቶ የሚወጣው ፊሌቶ 13 ኪሎ ነው። ደቃቃ የበዛበት ቀን 11 ኪሎም አይሞላ። ቀረሶ ከክብደቱ ሲሶ ገደማ ብቻ ፊሌቶ እንደሚሰጥ ዓሣ የሚበልት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የእኛ የሜኑ ዋጋ ግን ግማሹን እንደምናገኝ ተደርጎ የተሰላ ነበር። ትልልቁን ለይተን ለፊሌቶ እንግዛ፣ ደቃቃው ሙሉውን ተጠብሶ ይቅረብ፣ ራስና አጥንቱ ሾርባ ይሁን ያልሁት እኔ ነኝ። ያልሁትም ለሼፉ ነው፤ ኪችን በር ላይ ቆሜ፣ በቃል፣ ምስክር በሌለበት።

ማታ ለባለቤቴ ስነግረው «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ። «ሥራዬ ይናገራል ብዬ ነዋ!» አልሁት። «ዓሣው ነው የሚናገርልሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ልጅ ሆኜ ዘጌ ጫካው ውስጥ ቡና ስንለቅም «ዛሬ እኔ በለጥሁ» ካልሁ እናቴ «እዩኝ እዩኝ ያለች ደብቁኝ ደብቁኝ ታመጣለች» ትለኛለች። አባቴ ደግሞ እዚያው ቤት ቁጭ ብሎ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል። እኔ የእናቴን ይዤ አደግሁ። የአባቴ የገባኝ ግን ከዚያ ሐሙስ በኋላ፣ ሰርግ ላይ ሲፎክር የነበረው ትዝ ሲለኝ ነው። ጥሩ ፎካሪ የት እንደዋለ፣ ምን እንደሠራ፣ ከማን ጋር እንደነበረ ይናገራል። አብሮት የዋለው ሰው እዚያው ዳስ ውስጥ ጠላውን ይዞ ይሰማዋል፤ ያልሠራውን ከጨመረ ጉዱ እዚያው ይወጣል። ቦታው፣ ሥራው፣ ምስክሩ። «ጎበዝ ነኝ»፣ «ታታሪ ነኝ» ማለት የለበትም፤ ያን የሚለው ሰሚው ነው። እኔም ስለ ራሴ መናገር የጀመርሁት በዚህ መንገድ ነው።

መጀመሪያ ደብተር ግዙ። ዓርብ ዓርብ ከመውጣታችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ተቀመጡና የሳምንቱን ሥራ ጻፉ፤ ቀኑን፣ በፊት የነበረውን፣ እናንተ ያደረጋችሁትን፣ በኋላ የሆነውን፣ ማን እንዳየው። የእኔ አንዱ ገጽ እንዲህ ይላል፦ «መጋቢት 12። ራስና አጥንት በቀን ወደ 20 ኪሎ ይጣል ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ለሾርባ። 31 ሳህን ሾርባ ተሸጠ። ያየው፦ የማታው ሼፍና የሳህን አጣቢዋ።» በቃ ይኼው ነው። «ጠንክሬ ሠራሁ» ብላችሁ የጻፋችሁትን ሰርዙት፤ ከስድስት ወር በኋላ እናንተ ራሳችሁ ምን ማለት እንደሆነ አታውቁትም። እህቴ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው። ሰኔ 30 በጀት ዓመቱ ሊዘጋ ሲል፣ የአፈጻጸም ምዘና ቅጹ ፊቷ ተቀምጦ፣ «ኅዳር ላይ ምን ሠርቼ ነበር?» እያለች ትደውልልኛለች። እኔ የእሷን ኅዳር ከየት ላውቀው?

ቁጥር ስታወዳድሩ ወቅቱን አትርሱ። የጣና ዓሣ እንደ ስኳር ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት አይመጣም። በክረምት ባርበስ የሚባለው ዓሣ ሊራባ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዝ ይወጣል፤ እምቦጭ የሚባለው አረም የሸፈነው ዳር ላይ ደግሞ መረብ መጣል ከባድ ነው። ስለዚህ የጾሙን ከነሐሴ ጋር አወዳድሬ «ይኼን ያህል አዳንሁ» ብል የሚያውቅ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆ ይጥለኛል። ጾምን ከጾም ጋር ነው ያወዳደርሁት።

ቀጥሎ ያለው ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ነው፤ ግሱ። ሪፖርቶቻችንን እስቲ አንብቡ። «ብክነት እንዲቀንስ ተደርጓል»፤ «አዲስ አሠራር ተዘርግቷል»፤ «ክትትል ተካሂዷል»። ማን አደረገ? ማን ዘረጋ? ይኼ «ተ» የምትባል ፊደል ስንት ሰው ውጣለች! ትሕትና ትመስላለች፤ ሥራው ግን ባለቤት አጥቶ ሜዳ ላይ ይቀርና ቀድሞ ያነሳው ሰው ይወስደዋል። የራሴን የቆየ ሪፖርት አውጥቼ ሳየው «የዓሣ ክብደት ተመዝኗል» ይላል። እኔው ነኝ የጻፍሁት! አሁን «23 ቀን መዝኛለሁ» ብዬ እጽፋለሁ። ብዙ ሰው ደግሞ «እኔ» ማለት ሲያፍር «እኛ» ይላል። «እኛ» እውነት በሆነበት ቦታ በሉት፤ እንዲያውም ዘርዝሩት። ራስና አጥንቱ ስንት እንደሚሆን መጀመሪያ የነገረችኝ ሳህን አጣቢዋ ናት፤ ቆሻሻውን የምትሸከመው እሷ ነቻ። ሾርባውን ያጣፈጠው የማታው ሼፍ ነው። የእነሱን ድርሻ በስማቸው ስናገር የእኔም ድርሻ ጥርት ብሎ ይታያል፤ እነሱም ምስክሮቼ ይሆናሉ።

አዲስ ሐሳብ ሲኖራችሁ ስብሰባ ላይ ድንገት አታውጡት። ሐሳቡ የሚነካው ሰው ማን ነው? መጀመሪያ እሱን ፈልጉት። የእኔ ሐሳብ የሚነካው ሼፉንና ገዢውን ነበር። (ገዢው ደቃቃውን ከትልቁ ቀላቅሎ መግዛት ለምን እንደሚወድ እዚህ አልገባበትም።) ቡና ጋብዙ፣ ቁጥሩን አሳዩ፣ «ምን ይመስልሃል?» በሉ። ከዚያ በዚያው ማታ ለአለቃችሁ በቴሌግራም አጭር መልእክት ላኩ። እኔ አሁን እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ጋሼ፣ እንደምን አመሹ። ዛሬ ከሼፍ ጋር ስለ ዓሣው ተነጋግረናል። ከመጋቢት 1 ጀምሮ የመዘንሁትን አያይዣለሁ። ትልልቁን ለይተን ብንገዛ ብዬ አስቤያለሁ፤ ሐሙስ አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ ላስረዳ።»

ትሕትናው አለበት፣ ቀኑ አለበት፣ ስሜ አለበት። አብሮ ወደ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚገባ አንድ ገጽ ደብዳቤ ካለ ደግሞ ማኅተም ያለበትን ቅጂ ለራሳችሁ አስቀሩ። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሁለተኛውን የሚያነብ የለም።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ሐሳባችሁን ሌላ ሰው ሊያነሳው ይችላል። እኔ መጀመሪያ ጊዜ አበላሽቼዋለሁ። ከዚያ ጭብጨባ በኋላ በነበረው ሐሙስ ሼፉ ስለ ሾርባው ሲያብራራ ከወንበሬ ብድግ ብዬ «ይኼ እኮ የእኔ ሐሳብ ነው!» አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ማኔጀሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ሼፉ ሁለት ሳምንት አኮረፈኝ፤ ያ ማለት ሁለት ሳምንት ሙሉ የፊሌቶ ክብደት የሚነግረኝ ሰው አጣሁ ማለት ነው። ኋላ ቡና ይዤ ሄጄ ስናወራ፣ ለካስ ማኔጀሩ ስሙን ሲጠሩ እሱም ደንግጦ ዝም ብሎ ነበር። ሌባ አልነበረም። የእኔን ሥራ የእኔ ነው ለማለት የሚያበቃ ወረቀት በማኔጀሩ እጅ አልነበረም።

አሁን እንዲህ ሲያጋጥመኝ ቁጭ ብዬ፣ በተለመደው ድምፄ፣ ካቆሙበት እቀጥላለሁ፦ «ሼፍ ጥሩ አድርጎ አነሳው። በመጋቢት ስመዝነው ያገኘሁት 13 ኪሎ ነበር፤ ቀጥሎ ላደርግ ያሰብሁት ደግሞ አምባዛ ዓሣውን በዚሁ መንገድ ማየት ነው።» ማንንም አልከሰስሁም፤ መዛኟ ማን እንደሆነች ግን ሁሉም ሰማ። «ቀጥሎ ላደርግ ያሰብሁት» የምትለዋን ዐረፍተ ነገር አትተዉ፤ የሐሳቡ ባለቤት ካልሆነ በስተቀር ቀጣዩን የሚያውቅ የለም።

ምስጋና ሲመጣ መቀበልም ይለመዳል። አንድ ጊዜ አካውንታንቷ «ሪፖርትሽ ግሩም ነው» ስትለኝ «ኧረ እኔ ምን አውቄ፣ እንዲያው ነው» አልኋት። ያን ሪፖርት ለመጻፍ ሦስት ሌሊት አልተኛሁም! አሁን «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ 23 ቀን ፈጅቶብኛል» እላለሁ።

ስለ ደመወዝ ጭማሪ አጭር ላድርገው። ከጥምቀት በፊት ባሉት ሳምንታት ሆቴል ውስጥ ማንም ማንንም አይሰማም፤ እንግዳ ነው። እኔ የሄድሁት ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ የወሩ ሂሳብ ሲዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ ማኔጀሩ ማኪያቷቸውን በሚጠጡበት ሰዓት ነው። አንድ ገጽ ሰጠኋቸው፤ የምፈልገውን መጠንም በብር ተናገርሁ። «እርስዎ እንደፈቀዱ» አላልሁም። የጠየቅሁትን ግማሽ አገኘሁ፤ የሥራ መደቤ ስያሜ ግን ተስተካከለልኝ፤ የቀረውን በሚቀጥለው ዓመት እንደማነሳው እዚያው ነገርኋቸው።

የወደቀውንም ተናገሩ። ለጾሙ መጨረሻ ሳምንት ይረዳል ብዬ 60 ኪሎ ዓሣ አስቀድመን ገዝተን ፍሪዘር እናስገባ አልሁ። መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩም አልነሳ አለ። 22 ኪሎው ተበላሸ። ሐሙስ እስኪመጣ አልጠበቅሁም፤ በዚያው ቀን «ሐሳቡ የእኔ ነበር፣ 22 ኪሎ አክስሮናል፣ ጄኔሬተሩን ሳላስፈትሽ ማስገዛት አልነበረብኝም» ብዬ ጻፍሁ። ገዢው ሲስቅብኝ ዋለ። ማኔጀሩ ግን ከዚያ ወዲህ የማመጣውን ቁጥር ሁለተኛ ሰው እንዲያጣራው አይልኩም።

ባለፈው ወር ሳህን አጣቢዋም ደብተር ገዛች። የመጀመሪያውን ገጽ አሳየችኝ፦ «ዛሬ በጣም ጎበዝ ነበርሁ» ይላል።

«ስንት ሳህን?» አልኋት።

«እትዬ ደግሞ! ማን ይቆጥራል?» ብላ ሄደች። በማግስቱ ተመልሳ መጣች፤ «212 አጠብሁ፤ 3 ሰበርሁ። ሦስቷን ልተዋት?»

«ጻፊያት» አልኋት።