ሞተር ለተቀየረለት መኪና ብሎን ስትገዙ የመኪናውን ስም አትናገሩ

መኪናዬ የድሮ ላንድሮቨር ናት። ሞተሯ ግን ቶዮታ ነው፤ ቱ ኤል የሚሉት 2.4 ሊትር ናፍጣ። ሞተሩን ያስቀየረው ከእኔ በፊት የነበረው ባለቤት ነው። ሲሸጥልኝ "ይሄ ሞተር አያስቸግርህም" ብሎኝ ነበር። አልዋሸም። ያስቸገረኝ ብሎኑ ነው።

ኅዳር ላይ ከዘጌ ቡና ጭኜ ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ከፊት በኩል "ጓ… ጓ…" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማርሽ ስቀይር ይብሳል። ቆሜ ኮፈኖውን ከፈትኩ። ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው መያዣ ብረት ላይ ሦስት ብሎን ነበር። አንዱ የለም። ሁለተኛው ላልቶ ይጨፍራል። የላላውን አጥብቄ፣ ጉድጓድ እየሸሸሁ፣ በእርግጫ ሳይሆን በልመና እየነዳሁ ከተማ ገባሁ።

በማግስቱ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ልጁ "ምን መኪና ነው፣ ጋሼ?" አለኝ። "ላንድሮቨር" አልኩት። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የእኔ እንጂ የልጁ አይደለም። የድሮ ላንድሮቨር ብሎን አብዛኛው በኢንች ስለሆነ የኢንች ብሎን አመጣልኝ። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ ግን የላንድሮቨር አይደለም። የቶዮታው ብሎክ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና አካል ላይ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎን አንዱን ነገር አልፎ ይሄድና ሌላው ውስጥ ይነክሳል። ውፍረቱንና ጥርሱን የሚወስነው የሚነክስበት ነው። ርዝመቱን በዋናነት የሚወስነው አልፎት የሚሄደው። በእኔ መኪና የሚነክስበት የጃፓን ብሎክ ነው፤ አልፎት የሚሄደው ብየዳ ቤት የተቆረጠ 8 ሚሊ ብረት ነው። ያው መያዣ ብረት ታች በኩል የሚያርፈው የላንድሮቨሩ የሞተር ጎማ ላይ ሲሆን እዚያ ያለው ዳዶ ኢንች ነው። አንድ ክንድ በማይሞላ ብረት ላይ ሁለት አገር! ስለዚህ የላንድሮቨር ብሎን አይሆንም። የቶዮታ ኦሪጅናል ብሎንም ጥርሱ ቢገጥም ርዝመቱ ላይገጥም ይችላል፤ ቶዮታ ያን የብየዳ ብረት አያውቀውማ።

ብሎን ከመንካታችሁ በፊት ሞተሩን ከታች ደግፉት። ክሪኩን በቀጥታ የዘይቱ ኮፓ ላይ አታድርጉ፣ ይጎደጉዳል። መሃሉ ሰፊ ጣውላ ይግባ።

ከዚያ የጠፋውን ብሎን ወንድም ፍቱ። ከፈታችሁት በኋላ ግን ወዲያው አትመኑት። ያለፈው መካኒክ ያገኘውን ጠምዝዞበት ሊሆን ይችላል። ጥርሱን በጨርቅ ጠርጋችሁ እዩት። ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች ከተላጡ ወይም በአንድ በኩል ብቻ የሚያብረቀርቁ ከሆነ በግድ የገባ ነው። ደህና ከሆነ ውፍረቱን በካሊፐር (በመንጋጋው ይዞ በሚሊ የሚለካ መሣሪያ) ለኩት። የ10 ብሎን፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ የሚባለው፣ ልክ 10 አይመጣም፤ 9.8 ወይም 9.9 ይላል። 9.5 ካላችሁ ግን ያ ያለቀ 10 አይደለም፣ 3/8 ኢንች ነው። ከሁሉ የሚያሳስተው 8 ነው። 5/16 ኢንች 7.94 ሚሊ ስለሆነ ከ8 በዓይን አይለይም፤ በካሊፐርም ያምታታል። እዚያ ላይ የሚፈርደው ጥርሱ ነው።

ጥርስ መለኪያ ከሌላችሁ ካሊፐሩ ይበቃል። ከአንዱ ጥርስ ጫፍ ተነስታችሁ ወደፊት አሥር ጥርስ ቁጠሩና ርቀቱን ለኩ። 12.5 ሚሊ ከሆነ ጥርሱ 1.25 ነው፣ ከአንዱ ጥርስ እስከ ቀጣዩ 1.25 ሚሊ ማለት ነው፤ የጃፓን መኪና 10 ብሎን ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። 15 ከሆነ 1.5 ነው፤ ብረታ ብረት ሱቅ "የ10 ብሎን" ብላችሁ ብትጠይቁ የሚሰጣችሁ እሱን ነው። ወደ 10.6 ከሆነ 3/8 ኢንች ቀጭን ጥርስ፣ ወደ 15.9 ከሆነ 3/8 ወፍራም ጥርስ። ጥርሱን የምታውቁት ብሎን ካላችሁ ደግሞ ሁለቱን ጎን ለጎን አነካክሱና ወደ ብርሃን ያዙ። በመሃል ብርሃን ካሾለከ ዝምድና የላቸውም።

የቁልፉ ቁጥርም ጥቆማ ይሰጣል። የጃፓን 10 ብሎን ብዙውን ጊዜ በ14 ቁልፍ ይፈታል፤ የ8ቱ በ12። የአውሮፓ ከሆነ 10ሩ 16 ወይም 17፣ 8ቱ 13 ነው። የ3/8 ኢንች ራስ 14.3 ሚሊ አካባቢ ስለሆነ 14 ቁልፍ እምቢ ይለዋል። ጥቆማ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም።

ርዝመቱን ለማወቅ ቀጭን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ እስኪነካ አስገቡና አፉ ላይ ምልክት አድርጉ። የእኔ 22 ሚሊ ጥልቀት ነበረው። ብረት ብሎክ ውስጥ ብሎኑ የውፍረቱን አንድ ተኩል ያህል ቢነክስ ጥሩ ነው፤ ለ10 ብሎን 15 ሚሊ ማለት ነው። አሉሚኒየም ከሆነ የውፍረቱን እጥፍ አድርጉት። መያዣው 8፣ ሮንዴላው 2፣ ንክሻው 15፤ ድምሩ 25። እኔ 30 መረጥኩ። 20 ይነክሳል፣ ከታች 2 ሚሊ ክፍት ይቀራል። ያ ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ብሎኑ የቀዳዳውን ወለል ከነካ እናንተ የጠበቀ ይመስላችኋል እንጂ መያዣው ልቅ ነው። የብሎን ርዝመት ሲለካ ራሱ አይቆጠርም፣ ከራሱ በታች ነው።

ጥንካሬው ራሱ ላይ ተጽፏል። 8.8 ማለት እስኪበጠስ 800 ሜጋፓስካል ይችላል፣ በዚያ 80 በመቶ ላይ ግን ላይመለስ መለጠጥ ይጀምራል ማለት ነው። የቶዮታ ብሎን ላይ 7 ብቻ ካያችሁ በካሬ ሚሊ 70 ኪሎ ነው። 8.8 በዚህ ስሌት 81 ኪሎ ግድም ስለሚሆን በሱ ፈንታ ይገባል። ምንም ያልተጻፈበትን ለበር ተዉት። ጣና ዳር የሞተር ጀልባ የሚጠግን ወዳጄ "ይሄን ውሰድ፣ መቼም አይዝግም" ብሎ የሚያብረቀርቅ ስቴንለስ ሊሰጠኝ ነበር። ለውሃ ጥሩ ነው። ግን ኤ2-70 የሚለው ስቴንለስ 450 ላይ መለጠጥ ይጀምራል፤ 8.8 እስከ 640 ይታገሣል። አመስግኜ መለስኩለት።

አሁን ሱቅ ሂዱ። "ምን መኪና ነው?" ሲሏችሁ "10 በ1.25 በ30፣ 8.8" በሉ፤ ወንድሙንም ይዛችሁ ሂዱ።

መግጠሙ ላይ አንድ ሕግ ብቻ አለኝ፦ መጀመሪያ በጣት። ቀዳዳውን አጽዱ፣ ብሎኑን በጣት አዙሩ። አምስት ስድስት ዙር ያለ ትግል መግባት አለበት። ሁለተኛው ዙር ላይ ከያዘ የተሳሳተ ነው ወይም አጣሞ ገብቷል። ከዚህ በፊት አንድ ጋራዥ ውስጥ ወጣቱ መካኒክ ለዚሁ መያዣ 1.5 ጥርስ ብሎን ይዞ "ጋሼ፣ ትንሽ ጠበቅ አለ እንጂ ይገባል" ብሎኝ ዝም አልኩ። እውነትም ገባ፤ የብሎኩን ጥርስ ላጭቶ። ያ ቀዳዳ በኋላ ቶርኖ ቤት ሄዶ ወደ 12 ሰፋ። የከፈልኩትን አልናገርም።

ለ10 ብሎን 8.8 ጥብቀቱ ወደ 45 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ ግማሽ ሜትር እጀታ ጫፍ ላይ 9 ኪሎ ያህል መጫን እዚያው ያደርሳችኋል። ብሎኑን ከማስገባታችሁ በፊት ጥርሱ ላይ ሰማያዊ ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) ጠብ አድርጉበት። ከሳምንት በኋላ እንደገና ፈትሹ። የእኔ ሩብ ዙር ያህል ተቀብሎኛል።

ልኩን ወረቀት ላይ ጽፌ ኮፈኖው ውስጥ ለጥፌዋለሁ፦ "ብሎክ በኩል 10 በ1.25 በ30። ጎማ በኩል 3/8 ኢንች ቀጭን ጥርስ።" ሥሩ ላይ ሌላ መስመር መጨመር ነበረብኝ። ያገኘሁት ብሎን የአውሮፓ ራስ ስለነበረው በ17 ነው የሚፈታው፤ ሌላኛው ደግሞ በ14፣ ቶርኖ ቤት የሰፋው በ19። ከእኔ በኋላ መኪናዋን የሚገዛ ሰው አንድ መያዣ ለመፍታት ሦስት ቁልፍ ይዞ ይተኛባታል፤ ሲራገምም ይሰማኛል።