በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ሶፍትዌር አፕዴቱ እንዳይዘገይ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በደሴና በኮምቦልቻ ተማሪዎችና ወጣት ባለሙያዎች በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩት ሶፍትዌር አፕዴቱ የሚዘገየው ብዙውን ጊዜ በስንፍና ሳይሆን በአሠራር ጉድለት ነው። ያለ ደመወዝ የሚሠራን ሰው «ፍጠን» ብሎ ማዘዝ አይቻልም፤ የሚቻለው የሚያዘገዩትን ነገሮች ከመንገዱ ማንሳት ነው።

ሁሉም እስኪሞላ መጠበቅ

ከሁሉ የከፋው ስህተት፣ የሚለቀቅበትን ቀን ሳይቆርጡ የታሰበው ሁሉ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጀው የኮምፒውተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ዴቢያን፣ ዕትም 3.0ን እ.ኤ.አ. በጁላይ 2002 ከለቀቀ በኋላ 3.1ን ያወጣው በጁን 2005 ነበር፤ ካዘገዩት ምክንያቶች አንዱ አዲሱ የመጫኛ ፕሮግራም አለመድረሱ ሲሆን፣ የተጠናቀቀውም ሥራ አብሮት ቆየ። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት) ግን በየ9 ወይም በየ10 ሳምንቱ ይወጣል፤ አዲስ ሥራ የሚገባው በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ብቻ ነው፣ ያልደረሰው ለቀጣዩ ዕትም ያድራል። ደቦ የሚጠራ ገበሬ ቀኑን አስቀድሞ እንደሚያስታውቅ ሁሉ፣ የሚለቀቅበት ቀን ከታወቀ እያንዳንዱ ሰው ጊዜውን ያመቻቻል። በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ስለሚሠራ፣ ቀኑ ሲቆረጥ የረመዳን መጨረሻ፣ ሰሙነ ሕማማትና የፈተና ወቅት አብረው ሊታዩ ይገባል።

የመልቀቅ ሥልጣንን በአንድ ሰው እጅ መተው

የይለፍ ቃሉንና የፊርማ ቁልፉን (አፕዴቱ ከእውነተኛው አዘጋጅ መምጣቱን የሚያረጋግጠውን ዲጂታል ቁልፍ) የያዘው አንድ ተማሪ ብቻ ከሆነ፣ እሱ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ወይም ተመርቆ ከከተማው ሲወጣ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ሰዎች መልቀቅ መቻል አለባቸው። ያም ሆኖ ሥልጣኑን ተቻኩሎ መስጠት የባሰ አደጋ አለው፦ እ.ኤ.አ. በ2024 ፋይል በሚጨምቀው ፕሮግራም በኤክስዜድ ዩቲልስ ዕትም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ የተገኘውን ስውር የጥቃት ኮድ ያስገባው፣ የደከመው ብቸኛ ተንከባካቢ ለምን ዘገየህ እየተባለ ሲወተወት ከቆየ በኋላ የመልቀቅ ሥልጣን ያገኘ ሰው ነው። ሁለተኛው ሰው በሥራው በደንብ የታወቀ ይሁን።

ፍተሻን ለመጨረሻው ሌሊት ማቆየት

በእጅ የሚደረግ ፍተሻ በጥድፊያ ሰዓት መዘለሉ አይቀርም። ኮድ በተጨመረ ቁጥር በራሱ የሚሠራ ፍተሻ ሊኖር ይገባል፤ በእኛ አገር መተግበሪያ ደግሞ ጳጉሜን 5 ሲሆንም 6 ሲሆንም ቀኑ በትክክል መቆጠሩን መፈተሽ የግድ ነው።

የተለወጠውን በሁለት ሦስት መስመር አለመጻፍም ጊዜ ይበላል፤ የተጠቃሚውን ጥያቄ አንድ በአንድ የሚመልሱት እነዚያው በጎ ፈቃደኞች ናቸውና።

መመለሻ ሳያዘጋጁ ለሁሉም በአንዴ መልቀቅ

ለባቲ የሰኞ ገበያ ዋጋ የሚያሳይ መተግበሪያ እሑድ ማታ አፕዴት ተለቆለት ቢበላሽ፣ ጉዳቱ የሚታወቀው ነጋዴው ገበያ መሐል ቆሞ ሳለ ነው። ጎግል ፕሌይ አፕዴቱን በመጀመሪያ ለጥቂት መቶኛ ተጠቃሚዎች ብቻ ለመልቀቅና ችግር ሲታይ ለማስቆም ይፈቅዳል። ነገር ግን አፕዴቱን አስቀድሞ ያወረደ ስልክ በዚያው መንገድ ወደ ቀድሞው ዕትም አይመለስም፤ ከፍ ያለ ቁጥር የያዘ ሌላ ዕትም መውጣት አለበት። ስለሆነም በትክክል ይሠራ የነበረው ያለፈው ኮድ፣ በአዲስ ቁጥር ወዲያው እንዲለቀቅ ከአፕዴቱ በፊት ተዘጋጅቶ መቀመጥ ይኖርበታል።