ለአዲስ አበባ ግቢ አገር በቀል ተክል እንዴት ይመረጣል?

ሰኔ ሲገባ መንገድ ዳር ችግኝ ይደረደራል። ሁሉም ያምራል። ጉዱ የሚታየው ጥር ላይ ነው፤ ግማሹ ደርቆ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የችግኙ አይደለም። ግቢያችንን ሳናውቅ ስለምንገዛ ነው።

መጀመሪያ አፈሩን እዩ። አንድ ክንድ ያህል ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉበት። ሲመጠጥ ደግማችሁ ሙሉት። በማግስቱ ውኃው እዚያው ካለ አፈራችሁ ውኃ ይዞ ያድራል ማለት ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል የሚበዛው ጥቁር ዋልካ እንዲህ ነው፤ ክረምት ጫማ ይይዛል፣ በጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ወደ እንጦጦ ያለው ቀይ አፈር ግን ውኃ ቶሎ ያሳልፋል። እኔ ይህን ሳላጣራ ዋልካ ላይ ጦስኝ ተከልኩ፤ ነሐሴ ሳያልቅ በሰበሰ። ጦስኝ የደጋ ድንጋያማ ሜዳ ተክል ነው፣ ሥሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም አይችልም። ዋልካ ከሆነባችሁ አሸዋና ብስባሽ ቀላቅላችሁ መደቡን ከፍ አድርጉ።

ቀጥሎ ቦታውን በእርምጃ ለኩ። ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሲታዩ ያስቀናሉ። 150 ካሬ ግቢ ውስጥ ግን ቤታችሁን ነው የሚውጡት። ዛፍ ካማራችሁ ወይራ ይሻላል። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ መከርከምም ይችላል። እሱንም ቢሆን ከግንቡና ከሴፕቲክ ታንኩ አምስት ሜትር ያህል አርቁት።

ለጠባብ ግቢ የኔ ምርጫ ጌሾ ነው። ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ያብረቀርቃል፣ በከረከማችሁት ቁጥር ይደነድናል። ጠላ የምትጠምቅ ጎረቤት ካለች ደግሞ ወዳጅነታችሁ ይጠብቃል። ለአጥር ቀጋ ትከሉ፤ የኛው ጽጌረዳ ነው። ነጭ አበባው ያውዳል፣ ቀዩን ፍሬ ልጆች ይለቅሙታል፣ እሾሁ ሌባ አያስጠጋም። ዳማከሴን ኩሽና በር አጠገብ አድርጉት፣ ምች ሲመታ ሩቅ አትሄዱም። ለግራዋ ብር አታውጡ፤ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ለምናችሁ ብትተክሉት ይይዛል።

ስትገዙ ስም ብቻ አትመኑ። «ጽድ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ የፈረንጅ ጽድ ነው። የሐበሻው ጽድ ችግኝ ቅጠሉ ጣት ይወጋል። ትልቁን ዛፍ ደግሞ በፍሬው ትለዩታላችሁ፤ የሐበሻው ትንሽ ጠቆር ያለ ድቡልቡል ፍሬ ያፈራል፣ የፈረንጁ እንደ እንጨት የጠጠረ ነው። ከዚያ ፕላስቲኩን ገልብጡና ታቹን እዩ። ሥሩ ወጥቶ ከተጠቀለለ ችግኙ ፕላስቲኩ ውስጥ ከርሟል። ረጅምና ቀጫጫ ከሆነው ይልቅ አጠር ብሎ ግንዱ የወፈረውን ውሰዱ። ሻጩ «ይኼ ትንሽ ነው» ቢላችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ለመትከል ዝናቡ እስኪደላደል ጠብቁ፤ ሐምሌ ጥሩ ነው። ፕላስቲኩን መቅደድ አትርሱ (ሳይቀደድ የተተከለ ስንቱን አይቻለሁ!)። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያቆም አገር በቀል ነው ብላችሁ ፊት አትንሱት። የመጀመሪያውን በጋ በሳምንት አንድ ቀን፣ ማታ ላይ፣ ሥሩ ድረስ የሚዘልቅ ውኃ ስጡት። ዙሪያውን ደረቅ ሣር ብታለብሱት ደግሞ እርጥበቱ ይቆያል።