የ1 ቀን ጫጩት ልታስገቡ ነው? መጀመሪያ ቤቱን አሙቁት

አዲስ ጀማሪ ሁሉ ስለ መኖ ዋጋና ስለ ክትባት ነው የሚጠይቀው፣ አይከፋም፣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት የሚፈጀው ባብዛኛው ብርድ ነው። የ1 ቀን ጫጩት ገና ላባ አላወጣችም፣ ያቺ ለስላሳ ጸጉሯ ብቻዋን አታሞቃትም፣ እናቷ ብትኖር ክንፏ ስር ትከታት ነበር፣ የለችም፣ ስለዚ ስራው የናንተ ነው።

ቤቱ ጫጩቶቹ ከመምጣታቸው አንድ ቀን ቀድሞ ሞቆ ማደር አለበት፣ መጥተው ካርቶን ውስጥ እየተንጫጩ የሚያሞቃቸውን አምፖል ፍለጋ ሱቅ መሮጥ አይሰራም። ወለሉን አጥባችሁ በደንብ ይድረቅ፣ ከዛ ከ5 እስከ 10 ሳ.ሜ የሚሆን ደረቅ ጭድ ወይ የእንጨት ፍቅፋቂ አንጥፉበት። በጣም የደቀቀ ሰጋቱራ ባይሆን ይመረጣል መኖ መስሏቸው ይለቅሙታል፣ ጋዜጣ ብቻ ማንጠፍም ያንሸራትታቸውና እግራቸው ተንፈራቆ ይቀራል። ዙሪያውን በካርቶን ክብ አድርጋችሁ አጥሩት፣ ክብ ያልኩት ጥግ ካለ ሲበርዳቸው ወይ ሲደነግጡ እዛ ጥግ ላይ ይደራረቡና ከስር ያሉት ታፍነው ስለሚሞቱ ነው።

ሙቀቱ በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቶቹ ጀርባ ከፍታ ላይ ሲለካ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል እየቀነሳችሁ 21 አካባቢ ድረስ ታወርዱታላችሁ። ቴርሞሜትር ካላችሁ ጥሩ ከሌላችሁም ጫጩቶቹ ራሳቸው ይነግሯችኋል፣ አምፖሉ ስር ተቆላልፈው ጮክ ብለው የሚንጫጩ ከሆነ በርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው ካርቶኑን ተጠግተው አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ከተሰበሰቡ ከሌላው በኩል ንፋስ እየገባ ነው። ተበታትነው ግማሹ ሲበላ ግማሹ ተዘርግቶ ሲተኛ፣ ድምጻቸውም ቀሰስ ሲል ልክ ነው ማለት ነው። ይሄን ቀን ብቻ አይታችሁ እንዳትተኙ፣ የሚበርደው ከሌሊቱ 9 ሰዓት እስኪነጋ ድረስ ነው፣ እንቅልፍ ሰውታችሁ እዩአቸው።

መብራት ሲጠፋስ? ይጠፋል እኮ፣ ካሁኑ አስቡበት። ትንሽ ቁጥር ከሆኑ ጀሪካን ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ መሃላቸው ማስቀመጥ ያደርሳል። ከሰል የምትጠቀሙ ከሆነ ውጪ በደንብ ቀልቶ ጭሱ ካለቀ በኋላ አስገቡት፣ እንደዛም ሆኖ አየር መውጫ ከሌለ ሽታ የሌለው የከሰሉ ጋዝ ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል፣ እዛ ክፍል ውስጥ አትተኙ። መብራት ጭራሽ የማያስተማምንበት ሰፈር ላላችሁ ሃይቦክስ የሚባለውን አሰሩ፣ ዙሪያው በሳር የተጠቀጠቀ የእንጨት ሳጥን ነው፣ ጫጩቶቹ በራሳቸው ሙቀት ያድሩበታል። እኔን ብትጠይቁኝ እሱንም ማሰናዳት ካልቻላችሁ የ1 ቀኑን ትታችሁ የ45 ቀን ቄብ ግዙ፣ ዋጋው ይወደዳል ግን ከባዱን ጊዜ ሌላ ሰው አልፎላችኋል።

እንደደረሱ መጀመሪያ ውሃ ከዛ መኖ። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፣ ከመንገድ ስለመጡ በ1 ሊትር 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳር በጥብጡበት፣ የጥቂቶቹን አፍ በቀስታ ነከር አድርጋችሁ አሳዩአቸው፣ ሌሎቹ አይተው ይከተላሉ። ጠለቅ ባለ ሳህን እንዳትሰጡ ይሰምጣሉ፣ ሌላ ከሌለ ንጹህ ጠጠር ጨምሩበት። መኖው ስታርተር የሚባለው የጫጩት መጀመሪያ መኖ ነው፣ የእንቁላል ጣይ መኖ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ኩላሊታቸውን ይጎዳል። ማታ ላይ ጥቂቶቹን አንስታችሁ አንገታቸው ስር ያለውን የመኖ ከረጢት በጣት ዳበስ አድርጉ፣ ሞልቶ ለስለስ ካለ በልተው ጠጥተዋል፣ ባዶ ከሆነች መኖና ውሃ ማግኘቷን ተከታተሉ። ቂጧ ላይ ኩስ ደርቆ የተለጠፈባት ካለች በሙቅ ውሃ በራሰ ጥጥ አለስልሳችሁ ጥረጉላት፣ አትጎትቱት ቆዳዋ ይላጣል።

ክትባት ላይ የማሬክሱ (እግርና ክንፍ የሚያሽመደምድ በሽታ ነው) የሚሰጠው እዛው ማስፈልፈያው ውስጥ ነው፣ ስትገዙ ተሰጥቷቸዋል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ለፈንግል መጀመሪያው ሳምንት ላይ ኤችቢ የሚባለውን ክትባት በአይን ጠብታ፣ በኋላ ላሶታ የሚባለውን፣ በመሃል ጉምቦሮ ለሚባለው ሌላ በሽታ የሚሰጥ አለ፣ ቀኑን የአካባቢያችሁ የእንስሳት ሐኪም ያውጣላችሁ። ክትባቱ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፣ ኪስ ውስጥ ከትታችሁ ታክሲ ተሳፍራችሁ ካመጣችሁት ከውሃ አይለይም፣ በረዶ ያለው ፔርሙዝ ያዙ። ሳይታመሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቴትራሳይክሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ውሃ ውስጥ የመበጥበጥ ልማድ ግን ይቅር፣ ሐኪም ካላዘዘ ብር ማባከን ነው፣ ጀርሞቹንም ከመድሃኒቱ ጋር ማላመድ ነው።

ጭዱ ሲረጥብ መጠጫው አካባቢ ያለውን ቶሎ ቶሎ አንስታችሁ በደረቅ ቀይሩ፣ እርጥበት ካለ ኮክሲዲያ የሚባለው የአንጀት በሽታ ይነሳል፣ ኩሱ ላይ ደም ካያችሁና ክንፋቸውን ጥለው ከቆዘሙ ነገ አትበሉ፣ በዛው ቀን ሐኪም አማክሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አምፕሮሊየም የሚባል መድሃኒት ነው። ከትልልቆቹ ዶሮዎች ጋርም አታቀላቅሏቸው፣ መጀመሪያ ጫጩቶቹን አብሉ ከዛ ወደ ትልልቆቹ ሂዱ እንጂ በተመሳሳይ ጫማ ከትልልቆቹ ወደ ጫጩቶቹ አትምጡ። ለድመትና ለአይጥ ደግሞ መስኮቱን በጠባብ ወንፊት ሽቦ ዝጉት፣ በሩ ስር ያለውን ክፍተት ሳትረሱ።